ፓምፑን ከመግዛታችሁ በፊት፦ እምቢ ያለ የመኪና ጣሪያን መመርመር

በሃይድሮሊክ የሚከፈትና የሚዘጋ የመኪና ጣሪያ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓምፑ ነው። ድምፁ የሚሰማው እሱ ነው፤ ዋጋው የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። ብዙ ሰው በቀጥታ አዲስ ይገዛል፣ ያስገጥማል፤ ጣሪያው ግን ያው በፊት በቆመበት ቦታ ይቆማል። ፓምፑ መጀመሪያውኑ ደህና ነበራ! ጣሪያው የቆመው መንገድ ላይ ሊደርሰው የሚገባ አንድ ምልክት ስላልደረሰው ነው። የት ላይ እንደቆመና ሲቆም ምን ድምፅ እንዳሰማ ያስተዋለ ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ጣሪያው እንዴት ነው የሚንቀሳቀሰው?

አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ዘይት ስቦ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። ሲሊንደር እንደ ሐኪም ሲሪንጅ ነው፤ ልዩነቱ ዘይት በሁለቱም ጫፍ መግባት መቻሉ ነው። በአንዱ በኩል ሲገባ ዘንጉ ይወጣል፣ በሌላው ሲገባ ይመለሳል። ዘንጎቹ የጣሪያውን የብረት አጥንት ይገፋሉ፣ ይስባሉ።

ቀለል ባሉት መኪኖች ላይ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ጣሪያው ይከፈታል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይዘጋል። አለቀ። ውስብስብ በሆኑት ላይ ግን በፓምፑና በሲሊንደሮቹ መሃል በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ቫልቮች አሉ። ዘይቱ መቼ ወደ የትኛው ሲሊንደር እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ግፊቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ከ100 ባር ያልፋል። በጎማችሁ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ቢሆን ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ስለ ደኅንነት ስናወራ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጣሪያው የሚከፈተው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በተራ ነው። መጀመሪያ የጎን መስታወቶቹ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። የፊት መቆለፊያው ይለቃል። የኋላ ኮፈኑ ይነሳል። ጣሪያው ይታጠፋል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ኮፈኑ ተመልሶ ይዘጋል፣ ይቆለፋል። ቅደም ተከተሉ ከመኪና መኪና ይለያያል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ሲያልቅ አንድ ትንሽ ስዊች ወይም ሴንሰር ለመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር «ይኸኛው አልቋል» ብሎ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ያንን ሳይሰማ የሚቀጥለውን እርምጃ አይጀምርም። ደግሞም ልክ ነው። ኮፈኑ መከፈቱን ሳያረጋግጥ ጣሪያውን ቢያንቀሳቅስ ሁለቱ ተጋጭተው ይሰባበራሉ።

ይህ ችግር የዛሬ አይደለም። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 ያመረተው ስካይላይነር የብረት ጣሪያውን ራሱ አጥፎ ከኋላ የሚከት መኪና ነበር። ሃይድሮሊክ አልነበረውም፤ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ በሪሌዎችና በብዙ ስዊቾች ነው (ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች ነው)። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመርሴዲስ ኤስኤልኬ ያንኑ ሐሳብ በሃይድሮሊክ አድርጎት በ25 ሰከንድ ገደማ ጣሪያውን ይከፍታል። ቴክኖሎጂው ተቀየረ፤ አንዱ እርምጃ የሌላውን ማረጋገጫ መጠበቁ ግን አልተቀየረም።

መኪናው ራሱ ከልክሏችሁ ይሆን?

መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናው ሆን ብሎ እየከለከላችሁ አለመሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ መኪና ሙሉ በሙሉ ካልቆመ ጣሪያውን አያንቀሳቅስም። አንዳንዱ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ አይሠራም። ብርዱ ከበረታ እምቢ የሚልም አለ። ጠንካራ ታጣፊ ጣሪያ ባላቸው መኪኖች ደግሞ በኋላው የሻንጣ ክፍል ውስጥ አንድ መጋረጃ ወይም መለያያ አለ። ተዘርግቶ ቦታው ላይ መሰካት አለበት። ጣሪያው ታጥፎ የሚተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ መኪናው ሻንጣ እንዳይጨፈልቅ በዚህ መለያያ ያረጋግጣል። መለያያው በአንድ በኩል ብቻ ተሰክቶ ከሆነ፣ ወይም እሱን የሚያነበው ትንሽ ስዊች ከተበላሸ፣ ጣሪያው ንቅንቅ አይልም። ፓምፑም ድምፅ አያሰማም። ሰው ታዲያ ፓምፑ ሞቷል ይላል።

ባትሪ በቅርቡ ተነቅሎ ወይም ተቀይሮ ከነበረ የጎን መስታወቶቹን ጠርጥሩ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባቸው የት ድረስ እንደሚወጡና እንደሚወርዱ የሚረሱ መኪኖች አሉ። መስታወቱ የት እንዳለ ያላወቀ ኮምፒውተር ጣሪያውን አይለቅም። በብዙዎቹ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አውጥቶ፣ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ሳይለቁ መያዝ። ትክክለኛው አሠራር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

ቀጥሎ ባትሪው። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ጣሪያ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የፓምፑ ሞተር በደርዘን የሚቆጠር አምፔር ይወስዳል። ባትሪው መብራት ቢያበራና ሬዲዮ ቢያጫውት ለፓምፑ ይበቃል ማለት አይደለም። ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ዋናው ልኬት ግን ጣሪያው እየሠራ ሳለ ያለው ነው። የቮልት መለኪያውን (ቴስተሩን) ባትሪው ላይ አድርጉ፣ ሌላ ሰው የጣሪያውን ቁልፍ ይጫን፣ ቁጥሩን ተመልከቱ። ወዲያው ክፉኛ ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጣሪያው ግን እየተንፏቀቀ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ልኬት በፓምፑ ሞተር ጫፍ ላይ ድገሙት። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው፤ የዛገ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ)፣ የላላ ማሰሪያ፣ ወይም የተቃጠለ የሪሌ ጥርስ (መነካኪያ) ፈልጉ።

የመኪናውን ሞተር አስነስቶ መሞከርም ጥሩ ፈተና ነው። መኪናው ጠፍቶ መሃል ላይ የሚቆም ጣሪያ፣ ሞተሩ ሲነሳ እስከ መጨረሻው ከሄደ፣ ፓምፑን ተዉት።

ጆሯችሁን ተጠቀሙ

ቁልፉን ስትጫኑ ሬዲዮውን አጥፉ፣ በሩን ዝጉ፣ አዳምጡ። ከምትሰሙት ነገር ብዙ መረዳት ይቻላል።

ጸጥ ካለ ችግሩ ዘይት አይደለም። ወይ ከላይ ካነሳናቸው ክልከላዎች አንዱ ነው፣ ወይ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የቁልፉ ሽቦ ወይም ኮምፒውተሩ ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ በተመሳሳይ መጠን ይቀየር፤ ከፍ ያለ አታስገቡ። ሁለተኛም ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል፣ ወይም የፓምፑ ሞተር ተነክሶ አልዞር ብሏል።

«ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ሪሌው ታዟል፣ ሞተሩ ግን አልዞረም። የሪሌው ጥርስ፣ ሽቦው ወይም ሞተሩ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ፓምፑን መጠርጠር ይቻላል። በተለይ የመጀመሪያው ትውልድ ቢኤምደብልዩ ዜድ4 በዚህ ይታወቃል። የፓምፑ ሞተር የተቀመጠው የጣሪያው ዝናብ ውኃ በሚወርድበት ዝቅተኛ ኪስ ውስጥ ነው። የውኃ መውረጃው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ሞተሩ ውኃ ውስጥ ይዋኛል፣ ይዝጋል፣ ይሞታል። አዲስ ገዝቶ መውረጃውን ሳያጸዳ የገጠመ ሰው ያንኑ ጥገና እንደገና ይከፍላል።

ሞተሩ እየዞረ ጣሪያው ንቅንቅ ካላለ ዘይቱ ግፊት እየፈጠረ አይደለም። ዘይቱ አልቋል፣ አየር ገብቷል፣ ወይም ፓምፑ ላይ ያለው የእጅ መልቀቂያ ብሎን ክፍት ነው። የመጨረሻውን አትናቁት። ጣሪያውን አንድ ጊዜ በእጅ ዘግቶ ብሎኑን ማጥበቅ የረሳ ሰው መኪናው ላይ ይህን በሽታ ራሱ ያመጣዋል።

ሞተሩ እያቃሰተ ጣሪያው በዝግታ ከሄደ ባትሪውን፣ ብርዱን (ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል) እና የመታጠፊያ መገጣጠሚያዎቹን ድርቀት ተመልከቱ። አንድ ነገር ልጨምር። ጣሪያውን ደጋግማችሁ ከፍታችሁና ዘግታችሁ ከሆነ ሞተሩ ስለጋለ ራሱን አቁሞ ሊሆን ይችላል። ሲበርድ ይመለሳል። ሃያ ደቂቃ ጠብቆ መሞከር ምንም አያስወጣም።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ጣሪያስ? ይከፈታል፣ አይዘጋም እንበል። ፓምፑና ዘይቱ ደህና ለመሆናቸው ይህ ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። የዚያኛውን አቅጣጫ ሪሌ፣ ቫልቭ ወይም ሴንሰር ፈልጉ።

ዘይቱ ሲፈስ

የፈሰሰ ዘይት ራሱን ይጠቁማል፣ ቦታው ግን ያሳስታል። ዘይት በቱቦና በብረት ላይ ተንሸራትቶ ሩቅ ሄዶ ስለሚንጠባጠብ፣ ምንጣፉ ላይ ያለው እድፍ የፈሰሰበትን ቦታ አያሳይም። ከእድፉ ወደ ላይ እየተከተላችሁ ውጡ። መጀመሪያ እርጥብ ሆኖ ያገኛችሁት ከፍተኛው ቦታ ምንጩ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ የሲሊንደሩ አፍ ነው፤ ዘንጉ የሚወጣበት። እዚያ ያለው፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ በጊዜ ብዛት ይበላሻል። መኪናው ብዙ ባይነዳም ዕድሜው ብቻ ይበቃዋል። ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ የተመረተው የመርሴዲስ ኤስኤል፣ አር129 የሚባለው ትውልድ፣ በዚህ የታወቀ ነው። የጣሪያው መቆለፊያ ሲሊንደሮች ከፊት መስታወቱ በላይ ስለተቀመጡ፣ ጎሚኒያቸው ሲያረጅ ዘይቱ የሚንጠባጠበው የፊት ተቀማጮቹ አናት አካባቢ ነው።

ሲሊንደር ስለፈሰሰ መጣል የለበትም። ብዙዎቹ ተፈትተው ጎሚኒያቸው ተቀይሮ እንደገና ይሠራሉ፤ ዋጋውም ከአዲስ ጋር አይወዳደርም። ዘንጉ ተጭሮ ወይም ዝጎ ከሆነ ግን አዲስ ጎሚኒ ብታስገቡበትም ያው ይበላዋል። ደግሞ አንዱ ከፈሰሰ ሌሎቹም የእሱ እኩዮች ናቸው። ቢያንስ ጥንዱን አብሮ ማደስ፣ ቢቻል ሁሉንም፣ ብልህነት ይመስለኛል። ጣሪያውን በየጊዜው መፍታቱ ነው አድካሚው።

ውጭ ጠብታ ሳይታይ ውስጡ የሚያፈስ ሲሊንደርም አለ። የመሃሉ ጎሚኒ ሲበላ ዘይቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሾልካል። ዘይት አይጎድልም፤ ጣሪያው ግን አቅም ያጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት አንደኛው ጎን ከሌላው ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ጣሪያው እየተጣመመ ሲወጣ ካያችሁ ወዲያው ቁልፉን ልቀቁ። ጤነኛው ሲሊንደር መግፋቱን ከቀጠለ አጥንቱን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ አጥንት ደግሞ ከፓምፑም ይበልጥ ያስከፍላል።

ዘይት ስትጨምሩ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ ዓይነቱ። አንዳንዱ መኪና ልዩ የሃይድሮሊክ ዘይት፣ አንዳንዱ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማል። በፍሬን ዘይት የሚሠሩ አሮጌ መኪኖችም አሉ። የፍሬን ዘይት ለሌላው ሥርዓት መርዝ ነው፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል። የእናንተ መኪና የሚፈልገውን ከመመሪያው ሳታረጋግጡ ጠብታ እንኳ አትጨምሩ። ሁለተኛ ደግሞ የጣሪያው አቀማመጥ ነው። ዘንጎቹ ወጥተው ሲቆሙ ሲሊንደሮቹ የሚይዙት ዘይት ብዙ ነው፤ ስለዚህ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዝቅ ይላል። ዘንጎቹ ሲገቡ ከፍ ይላል። መመሪያው «ጣሪያው ተከፍቶ ለካ» ካለ ተከፍቶ ነው፣ «ተዘግቶ» ካለ ተዘግቶ ነው። በተሳሳተ አቀማመጥ የሞላ ሰው ጣሪያው ሲመለስ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስበታል።

አየር ከገባ ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፣ ድምፁም ይቀየራል። በብዙ መኪኖች ዘይቱን ሞልቶ ጣሪያውን ጥቂት ጊዜ እስከ ጥግ መክፈትና መዝጋት አየሩን ያስወጣዋል። በየመሃሉ ሞተሩ ይረፍ፣ ዘይቱም ይታይ።

ስዊቾችና ሽቦዎች

ጣሪያው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ፓምፑም እስከዚያ ድረስ በጉልበት ከሠራ፣ ችግሩ በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል የዚያ እርምጃ ምልክት ነው። ኮፈኑ ተነስቶ ጣሪያው ካልተከተለ «ኮፈኑ ተነስቷል» የሚለውን ስዊች ፈልጉ። ሁሉም አልቆ የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያ ካልጠፋ የመጨረሻውን መቆለፊያ ስዊች ተመልከቱ።

የጣሪያውን ኮምፒውተር ማንበብ የሚችል የምርመራ ማሽን ካገኛችሁ ከተመዘገበው የብልሽት ኮድ ይልቅ የቀጥታ ንባቡን ክፈቱ። ኮዱ የሚናገረው የትኛው ምልክት እንዳልደረሰ ነው፤ ለምን እንዳልደረሰ አይናገርም። ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል። ወይም ኮፈኑ በጥቂት ሚሊሜትር ቦታውን ስቶ ስዊቹን ሳይነካው ቀርቷል። የቀጥታ ንባቡን እያያችሁ ስዊቹን በእጃችሁ ብትነኩት ልዩነቱ ይታያል። «ዝግ» የሚለው ወደ «ክፍት» ከተቀየረ ስዊቹም ሽቦውም ይሠራሉ፤ የሳተው ብረቱ ነው።

ሽቦን በተመለከተ መጀመሪያ የምታዩት የኋላ ኮፈኑን ማጠፊያ ይሁን። እዚያ የሚያልፈው የሽቦ እሽግ በየመክፈቻው ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ግን ደህና ስለሚመስል ዓይን ያታልላል። እያንዳንዱን ሽቦ በቀስታ ሳብ አድርጉት። እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ተቆርጧል።

ጨርቅ ጣሪያ ላላቸው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ የመለጠጫ ጥብጣብ አለ። ሲበጠስ ጨርቁ በተሳሳተ ቦታ ይታጠፍና በብረቶቹ መካከል ይያዛል። ጣሪያው ሲቆም ሃይድሮሊክ ይመስላል። ጥብጣቡ ግን ርካሽ ነው።

ክፍት ቀርቶ ዝናብ ሲመጣ

ብዙዎቹ መኪኖች ጣሪያውን በእጅ መዝጊያ ዘዴ አላቸው። ፓምፑ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሻንጣው ክፍል ሽፋን ጀርባ፣ የመልቀቂያ ብሎን ይኖራል። ሲፈታ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ዘይት በነፃ ይመለሳል። ብሎኑን ሳይፈቱ ጣሪያውን በጉልበት መጎተት ከዘይቱ ጋር መታገል ነው፤ የሚሰበረው ማጠፊያው ነው።

ብሎኑ ሲፈታ ጣሪያውን አንጠልጥሎ የያዘው ግፊት ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት ጣሪያው ከላይ ከሆነ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይያዘው፣ ከዚያ ሦስተኛው ብሎኑን ይፍታ። ጣት በማጠፊያዎቹ መሃል አይግባ። ከተዘጋ በኋላ የፊት መቆለፊያው መያዙን ሳታረጋግጡ አትንዱ፤ ያልተቆለፈ ጣሪያን ነፋስ ከፍ ባለ ፍጥነት ይገነጥለዋል።

ከላይ ወዳነሳሁት ግፊት ልመለስ። ፓምፑ እየሠራ ሳለ የሚፈስበትን ቦታ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። በ100 ባር በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ ነጥብ ያህል ትንሽ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እጅ እስከማሳጣት የሚያደርስ ጉዳት ነው። ወረቀት ወይም ካርቶን ተጠቀሙ። ከነካችሁ፣ ባያማችሁም እንኳ፣ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም በግፊት የተረጨ ዘይት እንደሆነ ንገሩት። ቱቦ ከመፍታታችሁ በፊትም ጣሪያውን በእንጨት ወይም በብረት ደግፉ፣ ግፊቱንም በመልቀቂያው ብሎን አውጡ።

ወደ ጋራዥ መሄድ ከተገደዳችሁ «ጣሪያው አይሠራም» ብቻ ብላችሁ ቁልፉን አትስጡ። የት ላይ እንደቆመ፣ ፓምፑ ይሰማ እንደነበር፣ የመኪናው ሞተር ሲነሳ ለውጥ እንዳለ፣ ባትሪ መቼ እንደተቀየረ፣ ዝናብ ወይም ብርድ እንደነበር ንገሩት። ከተቻለ ሲቆም በስልካችሁ ከነድምፁ ቅረጹት፤ አንዳንዱ ብልሽት መካኒኩ ፊት አይደገምም። ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ሳይለካም ሳያነብም፣ «ፓምፕ ነው» የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።